የጉድጓዱ ልክና የሕፃኑ ድርሻ



በስምጥ ሸለቆ መንደሮች ጥርሱ የበለዘ ተማሪ ሲስቅ አፉን በእጁ ይከልላል። ነገሩን ያልመረመረ አስተማሪም ‹‹መፋቂያ የማያውቅ›› ብሎ ይገሥጸዋል። ልጁ ግን በደል የለበትም፤ ጥርሱን ያበለዘው የጠጣው ውሃ ነው።

ከኢትዮጵያ እስከ ኬንያና ታንዛኒያ በተዘረጋው በዚህ ሸለቆ፣ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ስፍራ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። ፍሎራይድ በጥቂቱ ጥርስን ያጠነክራል፤ ሲበዛ ግን ገና በድድ ውስጥ በመሠራት ላይ ያለውን የልጅ ጥርስ ያበላሻል፤ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣም አጥንትን ይጎዳል። በወንጂ የስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ረዥም ዘመን ከኖሩት ሠራተኞች መካከል ወገባቸውና አንገታቸው የደረቀባቸው መገኘታቸው ለዚህ ምስክር ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

እንግዲህ ሰውና አካባቢ ለኬሚካል ያላቸውን ተጋላጭነት የሚመዝን ባለሙያ ሲሠለጥን ምን መማር ይገባዋል? ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ መለካት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ማን ጠጣ? ስንት ጠጣ? ከስንት ዓመቱ ጀምሮ? ሻዩና ወጡስ በየትኛው ውሃ ተሠራ? ብሎ መጠየቅ አለበት።

ለምሳሌ በሊትር 3 ሚሊግራም ፍሎራይድ ካለው ጉድጓድ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ በቀን 2 ሊትር ቢጠጣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.1 ሚሊግራም ይደርሰዋል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ግን 1 ሊትር ብቻ ቢጠጣ 0.3 ሚሊግራም ይደርሰዋል። ጉድጓዱ አንድ ሲሆን የሕፃኑ ድርሻ ሦስት እጥፍ ሆነ። ጉድጓዱን ብቻ የለካ ባለሙያ ይህን ልዩነት ከቶ አያየውም።

ደግሞም የሰውን ልማድ በትሕትና ማዳመጥ ይገባዋል። ውሃ ሲፈላ ይነጻል የምትል እናት ስለ በሽታ ተሐዋስያን እውነቷን ነው። ፍሎራይድ ግን አይተንም፤ ውሃው ሲያንስ በቀረው ውስጥ ይበረታል። ይህን ሳያሳፍር ማስረዳት ከመለኪያው መሣሪያ ያላነሰ ሥልጠና ይጠይቃል። ከማሳ ወደ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ማዕድ የሚሻገረውን የተባይ መድኃኒት ለመከታተልም መንገዱ ይኸው ነው።

የዚህ ሙያ መሠረቱ ማካፈልና ማባዛት፣ አስተውሎ መጠየቅም ነው፤ ይህም የሚጣለው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የዚያ ተማሪ የበለዘ ጥርስ በመፋቅ ተመልሶ አይነጣም። የታናሽ እኅቱ ጥርስ ግን ገና በድድ ውስጥ ነው።