ከካርድ ክፍሉ መስኮት በስተጀርባ



አዘጋጆቹ «ስለ ሆስፒስ ሥራህ ንገረን» ሲሉኝ ስለ ሐኪሞችና ስለ ነርሶች የማወራ ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው የካርድ ክፍል ሠራተኛችንን፣ ሹፌራችንንና የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊያችንን ነው።

ሆስፒስ ሲባል ብዙ ሰው ሕንፃ ይመስለዋል። በአገራችን ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያን ሲመሠርቱ ሥራው ሕመምተኛውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ማስታመም ነበር። እኔ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ስሠራም «ሆስፒስ» የሚል ታፔላ አልነበረንም። አንድ ጤና መኮንን፣ ሁለት ነርሶች፣ ሌላም ሥራ ያለባት አንዲት መኪና፣ የሞርፊን ሽሮፕ፤ በቃ።

ቤት ለቤት መሄድ ደግሞ መጀመሪያ ቤቱን ማግኘት ነው። ካርዱ ላይ ያለው ስም፣ ዕድሜ፣ ወረዳና ቀበሌ ነው። እስቲ ከቡሬ ወጥታችሁ፣ ፈጠምን ተሻግራችሁ፣ በቀበሌ ስም ብቻ አንዲት የታመመች ሴት ፈልጉ! ይህ ከእኛ ቀድሞ የገባት የካርድ ክፍል ሠራተኛችን ናት። ከካርዱ ጀርባ በእርሳስ ጎጡን፣ የንስሐ አባታቸውን ስም፣ ስልክ ያለው ጎረቤት ካለም ቁጥሩን፣ «ከወፍጮ ቤቱ በላይ፣ ቆርቆሮው አዲስ» እያለች መጻፍ ጀመረች። ማንም አላዘዛትም። እንዲያውም «ካርድ ታበላሺያለሽ» ተብላ ተገሥጻለች።

ሹፌራችን ጋሼ በበኩላቸው ክረምት ላይ የትኛው ወንዝ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ያውቃሉ። «ልጄ፣ አሁን ካልወጣን ማደራችን ነው» ሲሉኝ የስምሪት ወረቀቱ ገና አልተፈረመም።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። አንድ በርበሬ አምራች አዛውንት ነበሩን፤ ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ እንዲወስዱ ታዟል። አንድ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ጠርሙሱ አለቀ። ሞርፊን እንደሌላው መድኃኒት አይደለም፤ ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ መዝገብ ላይ ሳይፈረም፣ ሞዴል 22 ሳይቆረጥ አይወጣም። ይህ ተገቢ ነው። ኃላፊው ግን ለስብሰባ ባሕር ዳር ተጠርቶ ሄዷል፤ የተወከለ ሰው የለም። ቁልፉም አብሮት ሄደ። መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ እያለ እስከ ሰኞ እኩለ ቀን ባዶ እጃችንን ቆየን። በየ4 ሰዓቱ ብላችሁ ብታሰሉት 18 ጊዜ ነው።

ሰኞ ስንደርስ ግቢው ሙሉ በርበሬ ተሰጥቷል። ባለቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀብለውን «ቀኑስ ይሁን፣ ሌሊቱ ነው የረዘመብን» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።

ኃላፊው ሲመለስ በቁጣ ገባሁበት። ጨርሶ ካዳመጠኝ በኋላ «ይህ ዕቃ ለምን እንደሚቸኮልበት እኮ የነገረኝ ሰው የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ለሥልጠና የጠራነው ነርሶቹን ነበር። ለእሱ ሞርፊን ማለት ኦዲተር ሲመጣ የሚያስጠይቅ ንብረት ነው። በማግስቱ ሽሮፑ ለማን እንደሚሄድ አስረዳሁት፤ በዚያው ሳምንት የውክልና ደብዳቤ አጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ «ለቅዳሜና እሑድ ስንት ጠርሙስ?» ብሎ የሚጠይቀኝ እሱ ሆነ።

የዘመናዊው ሆስፒስ መሥራች፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ቅዱስ ክሪስቶፈርን የከፈቱት ሲስሊ ሳንደርስ፣ ሐኪም ከመሆናቸው በፊት ነርስ፣ ቀጥሎም የሕመምተኛውን ኑሮና ችግር የሚያይ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ነበሩ። ሥራውን ከጠረጴዛውም በኩል ያውቁት ነበር ማለት ነው። እኛ ግን እዚህ ግቢ ስንማር ስለ መጋዘንና ስለ ካርድ ክፍል የሰማሁት ነገር ትዝ አይለኝም። መምህራኖቻችን፣ ለልምምድ የምትልኳቸውን ተማሪዎች አንድ ሁለት ቀን እዚያ አስቀምጡልኝ። እኛም ሥልጠና ስናዘጋጅ የተሳታፊ ዝርዝሩን ነርስ ላይ አንዝጋው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሕመምተኛ ሲያርፍ ካርዱ ከመደርደሪያው ይነሣል። የካርድ ክፍሏ ልጅ በየስምሪቱ ዋዜማ በእርሳስ የጻፈችው ቁጥር ላይ ደውላ ሰውየው በሕይወት መኖራቸውን ታረጋግጣለች። አንዴ መኪናችን «እንዴት አደሩ?» ልትል በሰልስቱ ቀን ደርሳ ነበርና።