የደንጊያ ስም ከወዴት ይመጣል?



ከአዳማ ወደ ምሥራቅ ስንመለከት ወለንጪቲ አጠገብ የቦሰት ተራራ ይታየናል፤ ወደ ደቡብ ስንሄድ ደግሞ ገደምሳ የተባለውን ሰፊ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ስፍራ እናገኛለን። ከሁለቱ የወጣው ደንጊያ በውስጡ ጥቃቅን ጥቁር ቅንጣት ይዟል። ይህ ቅንጣት በየስፍራው የማይገኝ ማዕድን ሲሆን፥ ኤኒግማታይት ይባላል። ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ስሙ እንዴት እንደ ተገኘ ነው።

ማዕድኑን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1865 የሰየመው አውጉስት ብራይትሃውፕት የተባለ ጀርመናዊ መምህር ነው። ናሙናው የመጣው ከግሪንላንድ ነበር። ከምን ከምን እንደ ተሠራ አጠራጣሪ ስለ ሆነ፥ «እንቆቅልሽ» ከሚለው የግሪክ ቃል ስም አወጣለት። በ1881 ደግሞ ፎርስትነር የተባለ ሊቅ ፓንተለሪያ በምትባል የጣሊያን ደሴት የተገኘውን በደሴቲቱ ጥንታዊ ስም «ኮሲራይት» አለው። ኋላ አንድ መሆናቸው ሲታወቅ የቀደመው ስም ጸና።

እንቆቅልሹም ተፈቷል። ማዕድኑ ከሶዲየም፥ ከብረት፥ ከቲታኒየም፥ ከሲሊኮንና ከኦክስጅን የተሠራ ነው። ቅልጥ አለቱ ሶዲየም በዝቶበት አሉሚኒየም ሲያንሰው፥ የተረፈው ሶዲየም ከብረትና ከቲታኒየም ጋር ይጣመራል። የስምጥ ሸለቆአችን እሳተ ገሞራዎች ይህን የመሰለ ቅልጥ አለት አፍልቀዋል።

ይሁን እንጂ ማዕድኑን የያዘውን የቦሰትንና የገደምሳን አንዳንድ ደንጊያ እንኳ ሊቃውንት የሚጠሩት በዚያችው ደሴት ስም «ፓንተለራይት» ብለው ነው። ተራራው የኛ፥ ስሙ የሩቅ አገር። በዚህ ማንንም አንወቅስም፤ ስም የሚያወጣው አስቀድሞ መርምሮ የጻፈ ነውና። ጎረቤታችን ኬንያ ግን በ1967 ማጋዲ ከተባለው የስምጥ ሸለቆ ሐይቋ አዲስ ማዕድን ተገኝቶ፥ መርማሪው ሃንስ ዩግስተር በሐይቁ ስም «ማጋዲያይት» ብሎታል።

ደንቡ ግልጽ ነው። ዛሬ የማዕድን ስም የሚጸናው የዓለም አቀፉ የማዕድን ጥናት ማኅበር ኮሚሽን ሲያጸድቀው ነው። ኬሚካዊ ይዘቱ ተለክቶ ይቀርባል፤ ናሙናው በቤተ መዘክር ይቀመጣል፤ ያገኘውም ሰው በራሱ ስም እንዲጠራው አይፈቀድለትም።

እንግዲህ ለመስክ ትምህርት ስንወጣ ደንጊያ ሰብሮ በከረጢት መክተት ብቻ አይበቃንም። የተገኘበትን ስፍራና ቀን እንጻፍበት፤ ቍጥርም እንስጠው። ስፍራው ያልተጻፈበት ናሙና የቱንም ያህል ብርቅ ቢሆን ምስክር ሊሆን አይችልም። መምህራኖቻችንንም የምንለምነው በየጕዞው የሰበሰብነው ሁሉ በመዝገብ ገብቶ እንዲጠበቅ ነው። ከቅንጣቶቹ መካከል ማንም ያልጻፈው አንድ ቀን ቢገኝ፥ የአገሩን ስም ሊያወጣለት የሚችለው ያ መዝገብ ነው።