ርካሹ የገና ዱላ

አንደኛ አቅራቢ፦ ለበዓል ነጠላ ሊገዛ ሸማ ተራ የወረደ ሰው ለልጁ የገና ዱላም ካማረው፣ የድሮ እንዲመስል ቫርኒሽ ተቀብቶ በርካሽ የቀረበለትን ከመግዛቱ በፊት ቀለሙን ትቶ እንጨቱን ይይ። በገጠር ለዱላ የሚመረጠው ዛፉ ላይ እያለ የቆለመመ ቅርንጫፍ ነው፤ ስለዚህ የእንጨቱ ጭረት ከእጀታው ተነስቶ ከቆልማማው ጋር አብሮ ይዞራል። ከጣውላ በመጋዝ ተቀርጾ የወጣው ግን ጭረቱ ቀጥ ብሎ ሄዶ መታጠፊያው ላይ ይቆረጣል። የጨዋታው ኳስ ጥንጓ የምትመታው በዚያው በኩል ስለሆነ መሰንጠቅ የሚጀምረውም ከዚያው ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ወንድሜ፣ ጭረቱን ማየቱ ልክ ነው፤ ርካሽነቱ ግን ጥፋት አይሁንበት። የገና ዱላ እረኛ ከጫካ ቆርጦ በነጻ ሲጫወትበት የኖረ ነው። ክሪኬት በሚወደድበት አገርም ውዱ መምቻ ከእንግሊዝ ዊሎው፣ ርካሹ ከካሽሚር ዊሎው ይሠራል፤ ብዙ ጀማሪ የሚለምደው በርካሹ ነው። ደግሞስ የከተማ ልጅ የቆለመመ ቅርንጫፍ ከየት ያምጣ?

አንደኛ አቅራቢ፦ እውነትሽን ነው። የካሽሚሩ ግን ርካሽም ቢሆን ጭረቱ በቁመቱ ይወርዳል፤ ለመምታት ታስቦ ነው የተሠራው። እኔን የሚያሳስበኝ ለግድግዳ ጌጥ የተሠራው ለጨዋታ ሲሸጥ ነው፤ ስባሪው ተስፈንጥሮ የልጅ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እንግዲያው ገዢው መታጠፊያውን ወደ ብርሃን ያዙር፤ ቀለሙ ከሸፈነው ጫፉን ፋቅ አድርጎ እንዲያሳየው ሻጩን ይጠይቅ። እምቢ ካለው ለጌጥ ካልሆነ አይግዛው፤ የታኅሣሥ 29 ጨዋታ ሜዳ ግን አይግባበት።