ባለ ሦስት አፍ ጠመንጃ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



አልቢንና ውጅግራ፣ ምንሽርና ናስማስር የሚሉት ስሞች ከልጅነታችን ጀምሮ በጆሮአችን ስለ ገቡ፣ ጠመንጃ ተኩሶ የማያውቀው እንኳ በስሙ ያውቀዋል። እኔ ዛሬ ላነሣው ያሰብኩት ግን ፎካሪ ያልፎከረበት፣ ለጦር ሜዳ ሳይሆን ለአደን የተሠራ፣ ሁለት ዓይነት ጠባይ በአንድ ገላ ያዋሐደ መሣሪያ ነው። ይህንንም ርእስ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በየቤታችን ከአባት የተወረሰ፣ ምንነቱ ሳይመረመር በሣጥን ተቆልፎ የሚኖር መሣሪያ ጥቂት አይደለምና፣ በአንድ ወዳጄ ላይ የደረሰውን ብነግራችሁ የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም ብዬ ነው።

ወዳጄ በአንድ መሥሪያ ቤት አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነው። አባቱ ባረፉ ጊዜ ከንብረታቸው መካከል አንድ ጠመንጃ ደረሰው። ሣጥኑን ከፍቶ ሲያሳየኝ መጀመሪያ የታየኝ ተራ ባለ ሁለት አፍ ረሽ ነበር። ጎን ለጎን የተጋደሙት ሁለት አፈሙዞች ውስጣቸው እንደ መስተዋት ልሙጥ ነው። ወደ ብርሃን አዙሬ ስመለከት ግን ከሁለቱ በታች፣ ልክ በመካከላቸው፣ ሦስተኛ ቀጭን አፈሙዝ ተሸሽጎ አየሁ፤ የዚህኛው ውስጥ እንደ ምንሽር ተጠማዝዞ የሚወርድ ቦይ የተቀረጸበት ነው። ጀርመኖች ይህን ጠመንጃ «ድሪሊንግ» ይሉታል፤ ስሙም ሦስት ከሚለው ቃላቸው የወጣ ነው። አራት አፍ ያለው «ፊርሊንግ» ይባላል። አንድ የረሽና አንድ የጥይት አፍ ብቻ ያላቸውም አሉ፤ አንዳንዶቹ አፋቸው ጎን ለጎን፣ አንዳንዶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ የተሠሩ ናቸው። እንግሊዞችም በደቡብ አፍሪካ ለሚኖሩ ገበሬዎችና አዳኞች እንዲህ ያለውን ጎን ለጎን አድርገው ይሠሩ ስለ ነበር፣ በኬፕ አገር ስም የኬፕ ጠመንጃ ተብሎ ቀረ።

አንድን ጸሐፊ በሦስት መምሪያ መድቦ ደመወዙን አንድ ማድረግ የሚወዱ አለቆች ይህን ጠመንጃ ቢያዩት ደስ ይላቸው ይመስለኛል። ነገር ግን ጀርመኖች ወደዚህ አሠራር የሄዱት ለቁጠባ ብቻ አይደለም። በእነርሱ አገር ከ1848 (እ.ኤ.አ.) አብዮት ወዲህ የአደን መብት ከመሬት ባለቤትነት ጋር ተያይዞ፣ አዳኙ በታወቀ ክልል ውስጥ ብቻ ያድናል። በዚያ ክልል ሲዞር ጧት ጥንቸል፣ ቀትር ላይ ወፍ፣ ሲመሽ ድኩላ መሰል አጋዘን ወይም የዱር አሳማ ሊያጋጥመው ይችላል። ለጥንቸሏና ለወፏ የሚስማማው ረሽ ነው፤ ኰቴ ያላቸውን አራዊት ግን በረሽ መምታት ያቆስላል እንጂ ቶሎ አይገድልም። የጀርመን ፌዴራል የአደን ሕግም (የወጣው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው) ኰቴ ያላቸውን አራዊት በረሽ መተኰስን ይከለክላል። እንግዲህ አዳኙ ሁለት ጠመንጃ ተሸክሞ ይውላል ወይስ አንዱን ቤት ትቶ ይጸጸታል? ባለ ሦስት አፉ የተፈለሰፈው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሆኖ ነው። ክብደቱም ቢበዛ 3 ኪሎ ተኩል ያህል ነው።

በዚህ ሥራ የታወቁት በጀርመን ቱሪንጊያ የምትገኘው የዙል ከተማና በኦስትሪያ የምትገኘው የፌርላኽ ከተማ ናቸው። አሠራሩ ትዕግሥት የሚፈትን ነው። ሦስቱ አፈሙዞች በየራሳቸው ከተሠሩ በኋላ በብየዳ ይያያዛሉ፤ ሦስቱም ወደ አንድ ዒላማ እንዲያዩ ሠራተኛው ይተኩሳል፣ ያያል፣ ብየዳውን አቅልጦ በጥቂቱ ያቀናል፣ እንደገና ይተኩሳል።

የወዳጄ ጠመንጃ ከመካከሉ ታጥፎ የሚከፈት፣ ሁለት ምላጭ ያለው ነው። የፊተኛው ምላጭ የቀኙን ረሽ፣ የኋለኛው የግራውን ያስተኩሳል። በሰደፉ አንገት ላይ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ስፍራ፣ አንዲት ትንሽ ተንሸራታች ብረት አለች። ይህች ብረት ወደ ፊት በተገፋች ጊዜ የፊተኛው ምላጭ የቀኙን ረሽ ትቶ የታችኛውን የጥይት አፍ ያስተኩሳል፤ በዚያው ቅጽበትም በአፈሙዙ ላይ ተኝታ የነበረችው ማነጣጠሪያ ብድግ ብላ ትቆማለች። ወደ ኋላ ስትመለስ ማነጣጠሪያዋ ትተኛለች፤ ምላጩም ወደ ረሹ ይመለሳል። እባካችሁ ይህችን ብረት አትርሱልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ወዳጄ በመጀመሪያ ያሰበው ከገበያ 16 ቁጥር የረሽ ቀለህ ገዝቶ ወዲያው ሊሞክረው ነበር። ቀለሁንም ገዝቶ ነበር፤ ሲያስገባውም ያለ ችግር ገባ። እኔ ግን ለምኜ አንድ ሽማግሌ ጠመንጃ አዳሽ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጠመንጃውን ከፈቱና በአፈሙዙ ሥር የተቀረጹትን ጥቃቅን ምልክቶች አንድ በአንድ አነበቡ። «5» እና «28» የሚሉት ቍጥሮች በግንቦት 1928 (እ.ኤ.አ.) በመንግሥት መፈተኛ ቤት ተተኩሶ የተፈተነ መሆኑን የሚያሳዩ ናቸው። ጭስ አልባ ባሩድ መቻሉን የሚያስረዳው ምልክትም ነበረ። ከዚያ በኋላ መለኪያቸውን አውጥተው የቀለሁን ማደሪያ ለኩ።

«ልጄ» አሉት ወዳጄን፣ «ይህ ጠመንጃ ለ65 የተሠራ ነው፤ አንተ የያዝከው 70 ነው።»

«ጋሼ፣ ገብቶልኛል እኮ» አለ ወዳጄ።

«መግባቱንማ ይገባል፤ ክፋቱ መግባቱ ነው» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በረሽ ቀለህ ላይ የሚጻፈው ርዝመት ቀለሁ ከተተኰሰ በኋላ አፉ ተዘርግቶ የሚኖረው ርዝመት ነው። ከመተኰሱ በፊት አፉ ታጥፎ ስለሚዘጋ ያጥራል፤ ስለዚህ 70 ሚሊሜትሩ በ65 ሚሊሜትር ማደሪያ ውስጥ ሳያስቸግር ይገባል። በተተኰሰ ጊዜ ግን እጥፉ ሲዘረጋ ወደ ጠባቡ መንገድ ይገባና መውጫውን ያጣብበዋል። ያን ጊዜ የባሩዱ ኃይል ከታሰበው በላይ ይሆናል፤ አሮጌ ብረት ደግሞ ይህን እንዲችል አይጠየቅም። አፈሙዙ በተኳሹ ግራ እጅ አጠገብ መሆኑን ማሰብ ይበቃል።

የጥይቱም ነገር እንዲሁ ነው። በጠመንጃው ላይ የተጻፈው 8 በ57 የሚለው ነው። ጀርመኖች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለዚህ ቀለህ በመጠኑ የወፈረ እርሳስ አወጡ፤ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛ እጅ ብዙም አይበልጥም፤ አዲሱም በስሙ መጨረሻ «ኤስ» የሚል ፊደል ተጨመረለት። ወፍራሙን በቀጭኑ አፈሙዝ መተኰስ አደገኛ ነው። በአንዲት ፊደል ምክንያት ስንት ማመልከቻ እንደሚመለስ የምናውቅ የቢሮ ሰዎች ይህን ለመረዳት የሚያዳግተን አይመስለኝም። ሽማግሌው 70ዎቹን ቀለሆች ሰብስበው በመሳቢያቸው ቆለፉባቸው፤ ወዳጄም ሊከራከር አልደፈረም። የሚስማማውን 65 እስኪያገኝ ብዙ ወራት ፈጀበት።

መቼም ስለዚህ ጠመንጃ ተናግሮ የአየር ሰዎችን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካ በረሓ የሚበሩ የጀርመን አየር ኃይል ሰዎች፣ አውሮፕላናቸው ቢወድቅ አድነው እንዲበሉበት የዛወር ፋብሪካ የሠራው ባለ ሦስት አፍ በብረት ሣጥን ተደርጎ ይሰጣቸው ነበር። ከዚህ የሚደንቀው ደግሞ የሩስያዎቹ ነው። በመጋቢት 1965 (እ.ኤ.አ.) ሌኦኖቭና ቤልያዬቭ የተባሉት ጠፈርተኞች ከታሰበው ስፍራ ርቀው በበረዶ በተሸፈነ ጫካ ውስጥ ወርደው፣ ተኩላና ድብ ባለበት አገር ሁለት ሌሊት አደሩ። ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ለሶቪየት ጠፈርተኞች ባለ ሦስት አፍ ሽጉጥ ተሰጠ፤ ከላይ ሁለት የረሽ፣ ከታች አንድ የጥይት አፍ ያለው፣ ሰደፉም ሲነቀል ቆንጨራ የሚሆን ነበር። የጀርመን ባላገር ጥንቸል ለማደን ያወጣው ዘዴ ወደ ጠፈር ወጣ ማለት ነው።

ሆኖም ለዚህ መሣሪያ ጠበቃ ለመሆን አልተነሣሁም። በእኔ አስተያየት፣ ረሽ ብቻ ለሚፈልግ ሰው አፉ ይከብዳል፤ ጥይት ብቻ ለሚፈልግም አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደገና መጉረስ ግድ ስለ ሆነ ይዘገያል። ሦስቱ አፈሙዞች አንድ ላይ የተበየዱ በመሆናቸው የጥይቱ አፍ ደጋግሞ ሲተኰስ ይሞቅና ዒላማውን ይስታል። የሚስማማው ለታጋሽ ሰው ነው።

ወዳጄ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 የሚያዘውን ፈቃድ አወጣ፤ የአደኑንም ፈቃድ እንዲሁ። ከዚያም አንድ ቅዳሜ የዘመዱን የበቆሎ እርሻ ከርከሮ እያወደመ ስላስቸገረ አብረን ሄድን። እኔ ጠመንጃ አልያዝኩም፤ ተመልካች ነበርኩ። ወዳጄ ሁለቱን የረሽ አፎችና የታችኛውን አጕርሶ፣ ከርከሮው ድንገት ቢወጣ ብሎ ያችን ተንሸራታች ብረት ወደ ፊት ገፋት። ማነጣጠሪያዋም ብድግ አለች። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን፤ ከርከሮ የሚባል አልመጣም። ተስፋ ቆርጠን ተነሥተን ወደ ኮረብታው ሥር ስንሄድ ከእግራችን ሥር ቆቅ ተነሣች።

ወዳጄ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው አነሣና ከበረራዋ ጋር አዙሮ የፊተኛውን ምላጭ ሳበ።

የረሽ ድምፅ አልነበረም። ድምፁን ስሰማ እኔም ገባኝ፤ እርሱም ገብቶት ፊቱ ዐመድ መሰለ። ብረቷን ወደ ኋላ አልመለሳትም ነበር። 3 ሚሊሜትር የሆነ የረሽ እርሳስ ከ300 ሜትር አያልፍም፤ ያ ጥይት ግን ሦስት ኪሎሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። የሄደውም ቆቋን ስቶ፣ ከኮረብታው ጫፍ በላይ፣ ሰማዩ ብቻ ወደሚታይበት ነው።

ጠመንጃውን ከፍቶ ባዶ አደረገና ሁለታችንም ወደ ኮረብታው ሮጥን። ጫፉ ላይ ሳንደርስ አንድ ዐሥር ዓመት የሚሆነው እረኛ በወዲያኛው በኩል ወጥቶ ብቅ አለ። በእጁ ጅራፉን ይዟል፤ ከኋላው ሦስት በጎች ይከተሉታል።

«እናንተ ናችሁ የተኰሳችሁት?» አለን።

«ምን ሆነሃል? ደኅና ነህ?» አለው ወዳጄ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እኔ ምን እሆናለሁ። ከራሴ በላይ ፉጨት ሰማሁ እንጂ። ቆቋን መታችኋት?»

ወዳጄ አልመለሰለትም፤ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እስኪመሽ ድረስ ከልጁ ጋር ሆነን በወዲያኛው ሸለቆ ያሉትን ቤቶች ደጃፍ ለደጃፍ እየዞርን ጠየቅን፤ የተጐዳ ሰውም ከብትም አልነበረም። ጥይቱ የወደቀበትን ስፍራ ግን ፈልገን አላገኘነውም።