ጉጠት ከመምጣቱ በፊት



ስለ ጨፋ ሸለቆ ስንናገር ብዙዎቻችሁ የምታስቡት የቦርከናን ውሃ፣ ረግረጉን፣ በበጋ ከአፋር በኩል ግጦሽ ፍለጋ የሚመጡትን ከብቶች ይሆናል። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ስለ ጥርስ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ልጇ ሌሊቱን ሲያለቅስ ላደረባት እናት ግን ትንሽ አይደለም።

በአገራችን «የጥርስ መድኃኒቱ ጉጠት ነው» ይባላል። አባባሉ እውነት የሚሆነው ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ጉንጩ ካበጠ በኋላ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከመንቀል በቀር ምርጫ አይኖርም፤ መግሉ ወደ አንገት ከወረደም ሕይወትን ያሰጋል።

በሽታው ግን በአንድ ሌሊት አይመጣም። በአፍ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ስኳር ሲያገኙ አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ምራቅ ፋታ ካገኘ ጉዳቱን ይጠግናል። ስኳር የበዛበት ሻይ ጧትና ማታ፣ በመካከሉም ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ሲደጋገም ግን ፋታው ይጠፋል።

ብሩሽ በካርቶን እንላክ የሚል ወዳጅ ቢኖር ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ብሩሽ በሦስትና በአራት ወር ያልቃል፤ የወይራ መፋቂያ ግን ከደጅ ይቆረጣል። በሸለቆው የሚበዙት ሙስሊም ወገኖቻችን ከሶላት በፊት አፍን በመፋቂያ ማጽዳትን ከጥንት ያውቁታል። የዓለም የጤና ድርጅትም ልማዱ ባለበት አገር እንዲበረታታ መክሯል። የሚቀረው አጠቃቀሙን ማስተካከል ነው፤ የፊት ጥርስ ነጥቶ መንጋጋው ይረሳልና። ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲለሰልስ ከድድ ጀምሮ በውስጥም በውጭም እስከ መጨረሻው መንጋጋ መድረስ አለበት። በተለይም ከመኝታ በፊት፤ ሌሊት ምራቅ ይቀንሳል። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ሲገኝ ደግሞ ለትንሽ ሕፃን የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ሦስት ዓመት ለሞላው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል።

አንድ ነገር እንጨምር። በስድስት ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ኋላ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ከመብቀሉ በፊት የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ ወላጆች የወተት ጥርስ ይመስላቸውና «ይረግፋል» ብለው ይተዉታል። እርሱ ግን ቋሚ ነው፤ ሌላ አይተካውም። ስለዚህ ልጁ ትምህርት ቤት በሚገባበት ዓመት አፉን አስከፍታችሁ እዩት፤ ነጭ ወይም ጥቁር ነጥብ ካያችሁ፣ ባያመውም፣ ወደ ጥርስ ሐኪም ውሰዱት።