ፉሪን ከክረምት በኋላ

እሱ፦ ላፍቶ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው ፉሪን ያያል። ተራራው ከባህር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ያለ ደጋ ዳገት ላይ ክረምቱ ሲወጣ አጋምና ቀጋ ዱካውን ይውጡታል፤ የተጓዡን እጅጌ እየጎተቱ ያስቆሙታል።

እሷ፦ ሰፈሩስ ስሙን ያገኘው ከእሾሃም ዛፍ አይደል? በኦሮምኛ ላፍቶ ግራር ነው።

እሱ፦ እሾሁስ በገጀራ ይመለሳል። ክፉው ውሃው ነው። እግረኛ አቋራጭ ይወዳል፤ ሽቅብ ቀጥ ብሎ የወጣ ዱካ ደግሞ ሐምሌ ላይ ቦይ ይሆናል። አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ ሲያገጥጥ ሰው በጎን ሌላ ዱካ ያወጣል። ያም በተራው ይቦረቦራል።

እሷ፦ ታዲያ መላው?

እሱ፦ መንገዱን ማጠማዘዝ፣ በየጥቂት እርምጃው ድንጋይ አግድም ቀብሮ ጎርፉን ወደ ዳር ማስወጣት። ሲሚንቶ አይጠይቅም፤ ዶማና አካፋ ይበቃል። ኮንሶዎች በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበላቸውን እርከን የካቡት በድንጋይ ነው።

እሷ፦ እንጦጦማ በ2013 ዓ.ም. ፓርክ ሆኖ ከተከፈተ ወዲህ የተበጀ የእግር መንገድ አለው።

እሱ፦ ለፉሪም ይሁንለት! እስከዚያው አድማጮቻችን፣ በተረገጠው ዱካ ሂዱ፤ አዲስ አቋራጭ አትክፈቱ።