የመድረክ ደም

በዱርቤቴ፣ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ያላችሁ የድራማ ክበብ ተማሪዎች፣ የዛሬው ዝግጅት ለእናንተ ነው። ርእሳችን የመድረክ ደም፣ ማለትም በድራማ ላይ እውነተኛ ደም መስሎ የሚታይ ፈሳሽ ነው።

አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት መገደላቸውን በድራማ ልታሳዩ ነው እንበል። ቀይ ቀለም በውኃ ብንበጠብጥስ የመድረክ ደም አይሆንም? አይሆንም። ለምን ቢባል፣ ቶሎ ይፈሳል። እውነተኛው ደም በቀይ የደም ሕዋሳት የተሞላ ነው፤ ስለዚህ ከውኃ ይወፍራል። እስቲ ሽሮ ወጥን አስቡ። ሲቀጥን እንጀራው ላይ ይሮጣል። ሲወፍር ግን ዝግ ብሎ ይወርዳል። የመድረክ ደምም ምስጢሩ ይኸው ውፍረቱ ነው።

እንግዲህ ጥቂት የስንዴ ዱቄት በውኃ በጥብጡና እያማሰላችሁ አፍሉት። ሲበርድ ቀይ የምግብ ቀለም ጨምሩ። ታዲያ ቀለሙ ከመጠን በላይ ከደመቀ ማንም አያምነውም፤ ቁንጥር ካካዎ ያጠቁረዋል። ቀይ ሥርስ? ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ እኔ አልመርጠውም።

የምግብ ቀለም ከነጭ ልብስ በቀላሉ አይለቅም፤ አሮጌ ልብስ ልበሱ። ዓይናችሁንም ጠብቁ። ደግሞ አደራ፣ የመድረክ ደም ለመድረክ ብቻ ይሁን፤ መንገድ ላይ እናቶችንና አባቶችን አታስደንግጡበት።